ጥቁር ካርድ የታሰረላት ሴት

የሬሳ ክፍሉ በር ጠዋት አልከፈት አለ። ቁልፉ ዞሯል፣ መቀርቀሪያው ተስቧል፤ በሩ ግን አንድ ጣት ያህል ገባ ይልና ተመልሶ ይመጣል። ጠባቂው በትከሻው ገፋው። በክፍተቱ የሰው እጅ ብቅ አለ።

«እጅ ብቻ ቢሆን ምንም አልልም ነበር» አለኝ በኋላ። «በዚህ ሥራ ስንት እጅ አይቻለሁ። ይሄኛው ግን የበሩን ጠርዝ ጨብጦ ነበር።»

የሆስፒታሉ ሠራተኞች አባ ዝምታ ይሉታል። ያን ቀን ግን አፉ አልዘጋ ብሎት ነበር። እኔና ረዳቴ ሳጅኗ ከፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ ሴትዮዋን በቃሬዛ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወስደዋታል። ልቧ ይመታ ነበርና። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሩቅ እርምጃ፣ ግን ይመታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቀን ረፋድ ላይ ከከተማው መውጫ ባለው ድልድይ ሥር አውቶቡስ ተገልብጧል። የሞተውም የቆሰለውም የመጣው ወደዚሁ ሆስፒታል ነው። ሴትዮዋ ከሟቾቹ ጋር መጣች፤ እጇ ላይ የሞተ ሰው የሚለይበት ጥቁር ካርድ ታስሮላት። ከሙታን ጋር ዋለች፣ ከሙታን ጋር አደረች።

«እያንዳንዳቸውን በየአንሶላቸው ሸፍኜ ነው የቆለፍኩት» አለ አባ ዝምታ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ሽማግሌ ራቁቱን ተጋድሟል። «የዚህ ሰውዬ አንሶላ ግን እሷ ላይ ነው የተገኘው። በራሷ አንሶላ ላይ ደርባው።»

«በርዷት ነዋ ጋሼ» አለች ሳጅኗ።

«ሬሳ አይበርደውም ልጄ።»

«ሬሳ አይደለችማ!»

«እዚህ የገባ ሁሉ ሬሳ ነው። በእግሩ የወጣ አላየሁም። እሷም ብትሆን በቃሬዛ ነው የወጣችው።»

ማቀዝቀዣው በግማሽ ልቡ የሚሠራ አሮጌ ዕቃ ነው። እሱ ነው ያተረፋት፤ በደንብ ቢሠራ ኖሮ ጠዋት በሩ ያለ ምንም ችግር ይከፈት ነበር። የበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የቅዝቃዜ ላብ ተጋግሯል። በላቡ ላይ የመዳፍ ምልክት አለ፤ አንዱ ወለሉ አጠገብ፣ አንዱ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ወለሉ አጠገብ። ሳጅኗ ስታየው የጀመረችውን ቀልድ ዋጠችው።

«ማን አመጣት?» አልኩ።

«አምቡላንሱ ነዋ። ጥቁር የታሰረለት በእኔ በር ነው የሚገባው፣ በድንገተኛው በኩል አያልፍም። ፕሮፌሰሩ ያወጡት ሕግ ነው። የሞተ ሰው የሕያዋንን አልጋ አይሻማ ብለው።»

ፕሮፌሰሩን አውቀዋለሁ። እሱ እኔን አያውቀኝም። አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት በባለሙያነት ቀርቦ እኔ ያዘጋጀሁትን የምርመራ ውጤት አነበበና መነጽሩን አውልቆ «ይህን የጻፈው ሰው የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጧል?» ብሎ አዳራሹን አስቆብኛል። ሰው ረስቶታል። እኔ ስበላም ስተኛም ይታወሰኛል።

*

ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ከአንድ አልጋ ርቆ ያልፋል። ለሴትዮዋ ስም አውጥተውላታል፤ «የተመለሰችው» ይሏታል።

«ሂድ የተመለሰችውን ሙቀት ለካ።»

«አንቺ ለኪ። ትናንት ተራው የኔ ነበር።»

«ትናንት የት ነበረችና?»

ዶክተሯ ዞር አለችባቸው። ትንሽዬ ሴት ናት፤ ፀጉሯን ደም ሲቀዳ ክንድ በሚታሰርበት ጎማ አስራዋለች። ሙቀቱን ራሷ ለካችው። ሴትዮዋ ሠላሳዎቹ ውስጥ ብትሆን ነው። አፏ ውስጥ ቱቦ ገብቷል፤ ማሽኑ ፉ… ሽሽ እያለ ይተነፍስላታል። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ላየው ሰው እንቅልፍ ላይ ያለች ትመስላለች። ዶክተሯ ግን የዓይኗን ሽፋን ገልጣ ባትሪ አበራችበት። የዓይኗ ብሌን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ብርሃኑን እንደ ጉድጓድ ዋጠው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ሞታለች?» አልኩ።

«አላውቅም።»

«ዶክተር አይደለሽም እንዴ?»

«ዶክተር ስለሆንኩ ነው አላውቅም የምልዎት።» ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት። «ስትመጣ እንደ በረዶ ነበረች። የቀዘቀዘ ሰው ሳይሞት ሙት ይመስላል። አሞቅናት። ሙቀቷ ተመለሰ፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። እንግዲህ ወይ አንጎሏ ሞቷል፣ ወይ አንጎሏን ያስተኛው ነገር አለ። ሞቶ ከሆነ የሚደረግ ነገር የለም። የተኛ ከሆነ ግን ማሽኑ እየተነፈሰላት ከቆየ ትነቃለች።»

«ደም ወስዳችሁ አታዩም?»

«መርዝ የሚመረምረው ላቦራቶሪ ሌላ ከተማ ነው። መልሱ እስኪመጣ እሷም አትኖር፣ ማሽኑም አይኖር።»

በአገጯ ወደ ሚቀጥለው አልጋ አመለከተችኝ። ደረቱ በአውቶቡሱ መቀመጫ የተደቆሰ ወጣት ተኝቷል። ነርሶች አምቡ የሚሉትን የጎማ ከረጢት ይዘው በተራ በተራ እየጨመቁ በእጃቸው ያስተነፍሱታል። እናቱ እግሩ ሥር ቆማ ማሽኑን ታያለች። ልጇን አይደለም፤ የሴትዮዋን ማሽን።

«ያለን አንድ ማሽን ነው» አለች ዶክተሯ። «ፕሮፌሰሩ እስከ አመሻሽ ነው የሰጡኝ። እስከዚያ የምትነቃበት ምክንያት ካላመጣሁ ከእሷ ተነቅሎ ለልጁ ይሰጣል። ክፋት አይደለም፤ እኔም እሳቸውን ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ኢንስፔክተር፣ ማን እንደዚህ እንዳደረጋት ማወቁ የእርስዎ ሥራ ይሁን። እኔ የምፈልገው ምን እንደሰጧት ነው።»

ሳጅኗ በዚህ መሀል አልጋው ሥር በላስቲክ የተቀመጠውን የሴትዮዋን ልብስ ታገላብጣለች።

«ኢንስፔክተር፣ ይህን ጫማ ይዩልኝ።»

«ጫማ ነው። ምን ልየው?»

«ማሰሪያውን። ሲያወልቁላት አልፈቱትም፣ እንዳለ ነው የሳቡት። ቋጠሮው ተገልብጧል። ሰው የራሱን ጫማ ሲያስር እንዲህ አይወጣም። ይህን ያሰረው ከፊቷ የተቀመጠ ሰው ነው። ካልሲም የላትም። ሹራቡም የፊቱ ወደ ኋላ ነው።»

አንድ ሰው ተኝታ ሳለ አልብሷታል ማለት ነው። ከአውቶቡሱ የተረፉትን ሁሉ ጠየቅን። በአውቶቡሱ ውስጥ ያያት የለም፤ ትኬት ቆራጩም አያስታውሳትም። ቤተሰብ ነኝ ብሎ የመጣ የለም። ሴትዮዋ አውቶቡሱ ላይ ሳትሳፈር ነው ከአውቶቡሱ ሙታን ጋር የተገኘችው።

*

አምቡላንስ ሹፌሩን ንፋሱ ነው የሚሉት፤ መኪናውን ስለሚያበርረው። ከሌላ ከተማ ተዛውሮ ከመጣ ገና መንፈቁ ነው፤ ሁሉም ግን ይወደዋል። ግቢው ውስጥ አምቡላንሱን ሲያጥብ አገኘሁት። እጁን በሱሪው ጠርጎ ሻይ አስመጣልኝ።

«ጋሼ፣ ስለ አንተ ሰምቻለሁ» አለ። «የድሮ ሰው ነው፣ ከታች ነው ያደገው ይላሉ። እንደ አንተ ያለው ነው የሚገባኝ። እነዚህ ወረቀት አላቸው፣ ዓይን ግን የላቸውም።»

እውነት ለመናገር ሻዩ ጣፈጠኝ።

«ሴትዮዋን አንተ ነህ ያመጣሃት?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ሕሊናዬ መቀመጫ ነሳኝ። ሲስተር የቆሰለውንና የሞተውን እየለየች ካርድ ታስራለች፣ እኔ እጭናለሁ። ጥቁር ከሆነ ወደ ኋላ በር ነው፣ ፊቱንም አላይም። መጀመሪያ ስንሄድ ሲስተር አብራኝ ነበረች፤ ከዚያ እሷ ድልድዩ ጋ ቀረችና ብቻዬን ነው የተመላለስኩት። ትከሻዋ ላይ ያለውን ቃጠሎ አየህ? ከሞተሩ ነው። ስንቱን አወጣሁ መሰለህ፣ ስንቱን…»

እዚህ ላይ ቆመ።

ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ የሆነ ነገር ላይ ተተክሏል። ዞር ብዬ አየሁ፤ ባዶ ግድግዳ ነው። ከንፈሩን ማር እንደቀመሰ ሰው ያጣጥማል። ግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል፣ ይፈታል። ጠራሁት፤ የሰማኝ አይመስልም። ፊቱ ላይ ሰው የለም። ቤቱ ክፍት ሆኖ ባለቤቱ የወጣ ይመስላል። 

ከዚያ ተመለሰ። «…ምን እያልኩ ነበር?» አለና ሳቀ። «እንቅልፍ ጋሼ! ቆሜ ነው የምተኛው።»

ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ይልቅ የምፈልገውን ጠየቅኩት።

«ፕሮፌሰሩ ትናንት የት ነበር?»

ትንሽ አሰበ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «እኔ ሰው አላማም። ግን መኪናቸው ከሬሳ ክፍሉ በር አጠገብ ቆማ ነበር። የመኪና ማቆሚያ እያላቸው። ለምን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ማሽኑንስ ቶሎ ንቀሉላት ያሉት ለምንድነው? ሰው ትጠይቃቸዋለህ? እነሱ አይጠየቁም። የሚጠየቀው እንደ እኔና እንደ አንተ ያለው ነው።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኔ ቁርበቱን ራሴ አነጠፍኩለት።

*

የፕሮፌሰሩ ቢሮ ግድግዳ መስታወት ውስጥ በገባ የምስክር ወረቀት ተሸፍኗል። እንድቀመጥ አልጋበዘኝም፤ እኔም ሳልጋበዝ ተቀመጥኩ።

«መኪናዎ ትናንት ረፋድ ከሬሳ ክፍሉ በር አጠገብ ቆማ ነበር።»

«ዛሬም እዚያው ናት። ነገም እዚያው ትሆናለች።»

«ለምን?»

«ጥላ አለው።» ብዕሩን አስቀመጠ። «ግቢው ውስጥ ዛፍ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሙታን ስለማይቃወሙ እኔ ያዝኩት።»

«ሙት ተብለው የሚመጡትን ለምን ሐኪም አያያቸውም? ሕጉ የእርስዎ ነው።»

«የቆሰለ ሰው መሬት ላይ ተኝቶ ሐኪሞቼ ሬሳ ያገላብጡ ነበር። ያንን አስቆምኩ።» ብዕሩን መልሶ አነሳ። «ይቺ ሴት ከነቃች ሕጉን እቀይራለሁ። ካልነቃችም እቀይረዋለሁ።»

«ትናንት ረፋድ የት ነበሩ?»

«ቀዶ ሕክምና ክፍል። እጄ የሰው ሆድ ውስጥ ነበር። ሆዱ የማን እንደሆነ ከፈለጉ ተኝቷልና ሲነቃ ይጠይቁት። ሌላ?»

ደሜ ፈላ። ከክፍሉ ወጥቼ ሳጅኗን አንድ በአንድ እንድታጣራ ላክኳት። የቤቱን አድራሻ፣ የግል ሾፌሩን ቃል፣ ከዚህ በፊት የተከሰሰበት እንደሆነ፣ ሚስት ነገር፣ ውሽማ ነገር። ድልድዩ ጋ ካርድ ስታስር የዋለችው ሲስተር ሥራ ጨርሳ ስልኳን ዘግታ ተኝታለች ሲሉኝ «ትተኛ፣ ትደርሳለች» አልኩ። ፕሮፌሰሩን ለመያዝ ቸኩዬ ነበር።

ሳጅኗ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ላቧ ጠብ ይላል።

«ማደንዘዣ ሰጪው፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ረዳት፣ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው። አውቶቡሱ ሳይገለበጥ የገባ ቀዶ ሕክምና ነው። ሟቾቹ ገብተው እስኪያልቁ ከክፍሉ አልወጣም። ሽንት ቤት እንኳ።»

«አራቱም ሊዋሹለት ይችላሉ።»

«ኢንስፔክተር» አለች፣ እንደ እናት። «አራቱም ይጠሉታል። ከፈለጉ የሰደቡትን ልንገርዎት፤ ሁለቱን ስድብ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።»

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ቀኑን በላሁት። የሴትዮዋን ቀን ነው የበላሁት።

*

ዶክተሯ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቀችኝ ነበር። እጄን ይዛ ወደ አልጋው ወሰደችኝ።

«ቃጠሎ ነው ያሉኝን ነገር ቅርብ ብለው ይዩት።»

የቀኝ ትከሻዋ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር አለ። ቀኝ ዳሌዋም ላይ። የሁለቱ ጉልበቶቿ የውስጥ ጎንም ላይ፣ ትይዩ ለትይዩ። እንደ ማኅተም።

«ሞተር ጉልበትን በውስጥ በኩል ለይቶ አያቃጥልም» አለች። «ይህ ሰው በመድኃኒት ኃይል ተኝቶ፣ ሳይገላበጥ፣ አጥንቱ ሥጋውን ሲጫነው የሚወጣ ነው። በቀኝ ጎኗ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ጠንካራ ነገር ላይ ብዙ ሰዓት ተኝታለች። ሬሳ ክፍል ውስጥ ግን በጀርባዋ ነው የተኛችው፤ ጀርባዋ ንጹሕ ነው።»

«አውቶቡሱ ሳይገለበጥ…»

«ከዚያ በፊት ነው። አውቶቡሱ ሲገለበጥ እሷ ሌላ ቦታ ነበረች።»

«እንግዲያው በቃ! መድኃኒት ነው። አንጎሏ ተኝቷል እንጂ አልሞተም።»

«እንደዚያ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። በእንቅልፍ ይጀምርና ሞት ይከተላል። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ካወቅሁ ይህ ዓይን የማይነቃው በእሱ ምክንያት ነው ብዬ መሟገት እችላለሁ። የትኛው ነው? ብዙ ዓይነት አለ። ሌሊት ላይ ትንሽ ለቅቋት ነው የነቃችው፤ ተንቀሳቅሳ በሩ ጋ ደረሰች፤ ከዚያ መልሶ ወሰዳት። ክኒኑ ብዙ ከሆነ ሆድ ውስጥ እንደ ሊጥ ይጋገርና ቀስ በቀስ ይሟሟል። እየመጣ ይሄዳል።»

ንፋሱ በወጣቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ አምቡውን እየጨመቀ ነው። ነርሶቹን ላሳርፍ ብሎ እሺ ያሰኛቸው ከቀትር ጀምሮ ነው። የልጁ እናት ትመርቀዋለች። እሱ ግን ልጁን አያይም፤ የተመለሰችውን ነው የሚያየው። የግድግዳውን ሰዓት ያያል፣ ደግሞ እሷን ያያል።

*

ሲስተሯን ሳጅኗ በሯን ደብድባ ቀሰቀሰቻት። ፊቷ ላይ የትራስ እጥፋት እንዳለ መጣች። አባ ዝምታም ከኋላዋ ገባ፤ ድንገተኛ ክፍሉን ሲረግጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አልቀረም፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ነው የሄደው።

ሲስተሯ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«አላውቃትም» አለች።

«ሲስተር፣ ትናንት ሰው በዝቶብሽ ነበር። ትረሺያለሽ።»

«ቀይ ያሰርኩለትን ልረሳ እችላለሁ ወንድሜ። ቢጫ ያሰርኩለትን ዛሬ በመንገድ ባየው አላውቀውም። ጥቁር ግን…» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ጥቁር ስታስር እኮ ሰውዬውን ትተኸው ልትሄድ ነው። ሁለተኛ ላታየው ነው። ፊቱ አብሮህ ቤትህ ይገባል። እሷ ቤቴ አልገባችም።»

«አምቡላንሱ ሁለተኛ ሲመጣ ስንት ሬሳ ጫንሽለት?»

«አንድ። አንድ ሽማግሌ። እንዲያውም ቆየህ ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። መንገዱ ተጨናነቀብኝ አለኝ። ላግዝህ ስለውም ራሴ እጭነዋለሁ ብሎ የኋላውን በር አላስነካኝም።»

አባ ዝምታ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽማግሌው መጣ» አለ። «እሷም መጣች። አንድ ላይ ነው ያወረድኳቸው። ሁለት ነበሩ።»

አንድ ጭኖ ሁለት አራገፈ። ጠዋት ሁለት ሰው አጠገብ ለአጠገብ አቁሜ ብጠይቅ የሚወጣ ነገር ነበር። እኔ ግን ሻይ ስጠጣ ነበር።

ዞር አልኩ። ንፋሱ ሁሉንም ሰምቷል። እጁ አምቡው ላይ ነው፤ ግን አይጨምቅም።

«ልጄ! ልጄ አየር አጣ!» ብላ እናቲቱ ጮኸች። አንድ ነርስ ዘልሎ ከረጢቱን ነጠቀው።

የንፋሱ ዓይን ከትከሻዬ በላይ ተተክሏል። ከንፈሩን ያጣጥማል። ግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈልጋል። ከዚያ ከሆዱ የወጣ፣ የእሱ የማይመስል ድምፅ አሰማ፤ በሬ ሲታረድ እንደሚያሰማው ያለ። እንደ ግንድ ወደቀ። ጭንቅላቱ ወለሉን ሲመታ ክፍሉ በሙሉ ሰማው። እጅና እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እያስመሰለ ነው!» አለች ሳጅኗ፣ ካቴና እያወጣች።

«አያስመስልም፣ ከመንገዱ ውጪ!» ዶክተሯ ቀድማ ተንበረከከች። «በጎኑ አዙሩት። አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ። ኦክስጅን! ስኳሩን ለኩ። ቫልየም አምጡ።»

ከደቂቃ በፊት የያዝኩት ወንጀለኛ ነበር፤ አሁን በሽተኛ ሆነ። ለሐኪሞቹ ልዩነት የለውም። መርፌው ገባ። አልቆመም። ሌላ ተጨመረ። ትንሽ ረገብ አለና እንደገና ያዘው። ዶክተሯ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ በባትሪ አየች።

«ምላሱን እዩ። ጠርዙ በሙሉ የቆየ ጠባሳ ነው። ስንት ጊዜ ነክሶታል። የሚጥል በሽታ አለበት፤ የዛሬ አይደለም፣ የዓመታት ነው።»

«ንፋሱ?» አለች ሲስተሯ። «አምቡላንስ እየነዳ?»

«መድኃኒት ይዞት ነው የነዳው። እንዲህ የሚነሳው መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ነው። ምን ነበር የሚወስደው? ማን ያውቃል? ለምንስ አቆመ?»

ማንም አያውቅም። ፈቃዱን እንዳይነጥቁት ደብቆታል። እኔ ግን የምመለከተው እሱን አልነበረም። ማሽኑ ፉ… ሽሽ የሚልላትን ሴት ነበር የምመለከተው።

«አላቆመም» አልኩ። «አልቆበት ነው። ለሌላ ሰው አብልቶት።»

ዶክተሯ ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሲበራ አየሁት። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቼ ለሳጅኗ ወረወርኩላት። ቤቱ ከሆስፒታሉ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ሁላችንም ስናልፍ የምናየው ቢጫ በር። ሳጅኗ ስትሮጥ ኮሪደሩ አስተጋባ።

ስልኬ ሲጮህ ፕሮፌሰሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰዓቱ ደርሷል። ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት።

«ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶ አለ» አለች ሳጅኗ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሙሽራዋ እሷ ናት ኢንስፔክተር። የተመለሰችው። ኩሽናው ሙቀጫ ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ባዶ ብልቃጥ። ፌኖ… ፌኖባርቢታል ይላል።»

«ፌኖባርቢታል» አለች ዶክተሯ። ቃሉን ቀስ ብላ ነው ያወጣችው፣ እንዳይሰበርባት የፈራች ይመስል። «ፕሮፌሰር፣ ይህ የሚጥል በሽታ ክኒን ሲበዛ የዓይን ምላሽን ያጠፋል። ትንፋሽን ያጠፋል። ሰውን ሬሳ ያስመስላል። የሞተ አንጎል ነው ማለት አይቻልም። መርዙን የሚመጥጠውን ከሰል በቱቦ እሰጣታለሁ፣ ሶዳውን በደም ሥር አስገባለሁ፣ ኩላሊቷ ያጥበዋል። ቀናት ይፈልጋል። ማሽኑ ይቆይልኝ።»

ፕሮፌሰሩ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ወጣቱን አየ። የጋውኑን እጅጌ ሰበሰበ። ወደ ወጣቱ አልጋ ሄዶ ከወንዱ ነርስ እጅ አምቡውን ተቀበለ።

«ወንበር አምጡልኝ» አለ። «ከጎረቤት ሆስፒታል ማሽን እስኪመጣ እዚህ ነኝ።»

 እኔን አላየኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ስለ ፍርድ ቤቱ አልጠየቀኝም።

ወለሉ ላይ ላለው ሰውም ዶክተሯ ያንኑ መድኃኒት በመርፌ አዘዘች። ሰውነቱ የለመደውን ሲያገኝ ቀስ በቀስ ፀጥ አለ።

*

ሲነቃ እጁ ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና ታስሯል። ካቴናውን አየ፣ እኔን አየኝ።

«ነቃች?» አለ።

«ገና።»

«ሞታለች ብዬ ነበር ጋሼ። እጇን ያዝኩ፣ ምቷን አጣሁት። ቀዝቅዛ ነበር። ስንት ሬሳ ያመላለስኩ ሰው ሬሳ ይጠፋኛል? ቤት ውስጥ ምን ላድርጋት ብዬ ጨንቆኝ ሳለ አውቶቡሱ ተገለበጠ። ካርዱ መኪናው ውስጥ ነበር። ጥቁር ካሰርኩላት ማንም አያያትም አልኩ።»

«ምን አደረገችህ?»

«ባለፈው መሪ ላይ እያለሁ መጣብኝ። ለትንሽ ነው የተረፍነው፣ ከኋላ በሽተኛ ነበር። ለእሷ ብነግራት ወይ አንተ ንገራቸው ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ አለች። ሰው ትገድላለህ አለችኝ።» ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣው። «ሹፌር ካልሆንኩ ምንድነኝ? አንተ ታውቀዋለህ ጋሼ። እኛ እኮ ወረቀት የለንም።»

«እኛ አትበል» አልኩት።

«አንተም…»

«ዛሬ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ቆመህ ምን ስትጠብቅ ነበር?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መልሱን ሁለታችንም እናውቃለን። እስኪነቅሉላት ነበር የሚጠብቀው።

*

ከቀናት በኋላ ዶክተሯ ደወለችልኝ። ስደርስ ቱቦው ወጥቷል። ሴትዮዋ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ነርሶቹ አሁን ከአልጋዋ አይጠፉም፣ አንዷ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። ወጣቱም በሌላ ማሽን ላይ ሆኖ ጣቱን ለእናቱ ማንቀሳቀስ ጀምሯል። ለሴትዮዋ ስለ ባሏ ማንም አልነገራትም። ያን ለእኔ አስቀምጠውልኛል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ሁልጊዜ እኔን ይጠብቀኛል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የምታስታውሰውን ጠየቅኳት። ድምፅዋ ከቱቦው የተነሳ እንደ ደረቅ ቅጠል ነው።

«ብርድ ነበር» አለች። «በጣም ብርድ። አጠገቤ ሰው ተኝቷል። አባባ፣ ልብስዎን ትንሽ ያካፍሉኝ አልኩት። ሁለት ጊዜ ለመንኩት። ዝም ሲለኝ ሳብኩበት። ተቀይሞኝ ይሆን?»

«አልተቀየመሽም።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ ያላት መሰለኝ፤ ለመነሳት ሞከረችና አልቻለችም። ክንዴን ያዘች። ጣቶቿ ጠንካራ ናቸው።

«ባለቤቴስ? ስንት ቀን ሆነኝ እዚህ? ክኒኑን ይረሳል፤ ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የምሰጠው። ካልዋጠ ይጥለዋል። ማን ሰጠው?»

በዚያው ሕንፃ፣ ፎቁ ላይ፣ ፖሊስ በር ላይ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ነርስ ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን ከውኃ ጋር ትሰጠዋለች፤ መዋጡንም አፉን አስከፍታ ታረጋግጣለች።

«ሐኪሞቹ እየሰጡት ነው» አልኳት።

እጇ ላላ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ዓይኗንም ጨፈነች። የመጣሁበትን ነገር በአፌ እንደያዝኩ፣ እስክትነቃ ድረስ እዚያው ተቀምጬ ቆየሁ።